የሳን ኤሎይ ሚስ ኦርፌ

ዙሌማ ኮሪ ሰኞ ሰኞ ጠዋት ሥራ የምትጀምረው እናት በመሆን ነበር። ልጅ አልወለደችም፤ ሃያ ዓይነት እናት መሆን ግን ትችልበታለች። ስልኳን ታወጣና «ልጄ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ፊደል አልያዝ ብሏታል፣ ፓውካርፓታ አካባቢ የትኛው ትምህርት ቤት ይሻላታል?» ብላ ትጽፋለች። ቀጥላ ከሥራ አምሽታ የምትወጣ እናት ትሆናለች፤ ቀጥላ ባሏ የሞተባት፤ ቀጥላ ደግሞ ትናንት ከፑኖ ጓዟን ጠቅልላ የመጣች። መልሱን ታነብና ሳን ኤሎይ የሚለው ስም ከተጠራ ደብተሯ ላይ ምልክት ታደርጋለች። በነሐሴ ወር አራት ሰኞ ሙሉ አንድም ምልክት አላደረገችም።

እንጀራዋ ይኸው ነው። ድሮ የግል ትምህርት ቤት ወላጅ የሚያገኘው በር ላይ ሸራ ወጥሮ ነበር። ዩኒቨርሲቲ የገቡ ልጆችን ፎቶ በትልቁ ያሳትማል፤ ልጆቹ ሌላ ቦታ የተማሩ ቢሆኑስ ማን ጠይቆ ያረጋግጣል? ዛሬ ግን እናቶች ቀና ብለው ሸራ አያዩም። ኮምቢ በሚሉት ሚኒባስ ውስጥ ተጨናንቀው እንደቆሙ አንገታቸውን ደፍተው ስልካቸውን ይጠይቁታል። ሰው ሰራሽ አስተውሎት የሚሉት ነገር ደግሞ ሁሉን እንደሚያውቅ ጎረቤት «እዚያ ውሰጃት» ብሎ ሁለት ሦስት ስም ይጠራላቸዋል። ከሦስቱ አንዱ ያልሆነ ትምህርት ቤት እንደሌለ ይቆጠራል። ዙሌማ ለትምህርት ቤቶች የምትሸጠው ያንን ነው፤ አዋቂው ስማችሁን እንዲጠራ አደርጋለሁ ትላለች። ስታወራው ያምርባታል። ነገር ግን በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ትምህርት ቤቶች አሰናብተዋታል።

አራተኛው ሳን ኤሎይ ነበር፤ ራሷ ፊደል የቆጠረችበት ግቢ። ባለቤቱ ዶን ጉመርሲንዶ ቫልዲቪያ በዕድሜው ለአንድ ልጅ እንኳን «ሀ» ብሎ አያውቅም። ከአባቱ የወረሰውን መጋዘን ግድግዳ አስገብቶበት ትምህርት ቤት ብሎ ስም አወጣለት። ሚስቲ ተራራ ላይ በረዶ ሲወርድ «ኔቫዳው፣ የበረዶው ንጭንጭ፣ ይዞኛል» ብሎ ያገኘውን ሁሉ ይሰድባል። በእርግጥ አሬኪፓ ውስጥ ይህን ሰበብ የማያውቅበት ሰው የለም። እሱን ግን በጠራራ ፀሐይም ይይዘዋል።

«እሺ፣ ዛሬስ ጠራን ያ አዋቂሽ?» አላት በአራተኛው ሰኞ፣ ቢሮው በር ላይ ቆሞ።

«ገና ነው ዶን ጉመርሲንዶ። ትንሽ ጊዜ ይፈልጋል።»

«ጊዜ! እኔ ጊዜ የተረፈኝ መሰለሽ? መጋቢት ላይ ለሚከፈተው አንደኛ ክፍል የተመዘገበልኝ አሥራ አንድ ልጅ ነው። አሥራ አንድ! ይሄ የእግር ኳስ ቡድን ነው እንጂ ክፍል ነው? ያውም ተጠባባቂ የሌለው!»

ቀልዱ እውነት ነበረው። አንደኛ ክፍል ካልሞላ በሚቀጥለው ዓመት ሁለተኛው አይኖርም፤ ከዚያ ሦስተኛው፤ እያለ ግቢው ተመልሶ መጋዘን ይሆናል። ለዙሌማም ቢሆን ነገሩ ቀላል አልነበረም። የዶን ጉመርሲንዶ የአጎት ልጅ በከተማው ስድስት ትምህርት ቤቶች አሉት፤ «ሳን ኤሎይን ሙዪልንና ስድስቱም ያንቺ ይሆናሉ» ተብላለች። ካልሞላ ግን አራተኛ ስንብት ነው፤ ከአራተኛ ስንብት በኋላ በዚህች ከተማ ማን በር ይከፍትላታል?

በአምስተኛው ሰኞ አዋቂው አፉን ፈታ። ፊደል አልያዝ ያላትን ልጅ እናት ሆና ስትጠይቀው እንዲህ ሲል መለሰላት፦ «ፓውካርፓታ ውስጥ ማንበብ ለሚያስቸግራቸው ልጆች ሳን ኤሎይ ትምህርት ቤት በመልካም ይነሳል። ወላጆችና የቀድሞ ተማሪዎች በተለይ የአንደኛ ክፍል መምህርቷን ሚስ ኦርፌሊንዳ ኪካኞን ደጋግመው ያመሰግናሉ።»

ዙሌማ መልሱን ሦስት ጊዜ አነበበችው። ከየት እንዳመጣው ለማወቅ ብዙ አልለፋችም። ትምህርት ቤቱ በየዓመቱ የምሥረታ በዓሉን ፎቶ ይለጥፋል፤ ከሥሩ የድሮ ተማሪዎች አስተያየት ይጽፋሉ። አንዱ ከማዕድን ማውጫ ሰፈር «ሚስ ኦርፌ ባይኖሩ ዛሬ መሐንዲስ አልሆንም ነበር» ብሏል። አንዷ «የእኔንም የልጄንም እጅ ይዘው ያስጻፉን እሳቸው ናቸው» ብላለች። የዐሥራ አምስት ዓመት ምስጋና ተከምሯል። ግቢውን ያመሰገነ የለም፤ እንግሊዝኛውን ያመሰገነ የለም፤ ዶን ጉመርሲንዶንማ በስሙ የጠራው እንኳን የለም።

ችግሩ ሚስ ኦርፌ ሳን ኤሎይ ውስጥ አለመኖራቸው ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት አንደኛ ክፍልን አስተምረው፣ ጡረታቸው ሊደርስ ሁለት ዓመት ሲቀረው፣ ባለፈው ታኅሣሥ ውላቸው አልታደሰም። ዶን ጉመርሲንዶ «ዘመኑ የወጣት ነው» ብሎ አንድ ቁራሽ ኬክ አጎረሳቸውና አሰናበታቸው። በቦታቸው ሚስ ካረን የምትባል ከኮሌጅ ከወጣች ዓመት ያልሞላት ልጅ ቀጠረ፤ ከታተመ የመልመጃ መጽሐፍ ጋር። ዙሌማ ይህን ስትሰማ አዝና ነበር። እስከ ስምንት ዓመቷ ድረስ ማንበብ አቅቷት ልጆች «ድንጋይ» እያሉ ሲጠሯት ከድንጋይነት ያወጧት ሚስ ኦርፌ ናቸውና። አዘነች፤ ከዚያ የራሷ ኑሮ ያዛትና ረሳችው።

«አዋቂው የሚያውቀው ሚስ ኦርፌን ነው» አለችው ለዶን ጉመርሲንዶ።

«ማንን? ኦርፌን? እሷማ ሄደች እኮ!»

«እሱ አልሰማም። ይመልሷቸው ዶን ጉመርሲንዶ። እሳቸውን ከመለሱ እኔ ምንም መዋሸት አይኖርብኝም፣ ክፍሉም ይሞላል።»

ሰውየው ፂሙን እያሻሸ አሰበ። ሲያስብ ፊቱ ላይ የገበያ ቀን ደስታ ይታያል። «ቆይ፣ ቆይ። ልጆቹን የምታስነብብበት ዘዴ የማን ነው? እዚህ ግቢ ውስጥ የተወለደ ነገር የግቢው ነው። የሳን ኤሎይ የንባብ ዘዴ ብለሽ ጻፊው። ስሟንም ጨምሪበት፤ አዋቂሽ ከወደዳት እኔ ምን ከለከልኩ?»

«እሳቸውስ?»

«መጀመሪያ ልጆቹ ይምጡ። ከዚያ እናያለን።»

ዶን ጉመርሲንዶ ለግቢው ቃል የገባውን የመዋኛ ገንዳም ለዐሥራ ሁለት ዓመት «እናያለን» ሲል ነው የኖረው። ዙሌማ ይህን ታውቃለች፤ ግቢው ውስጥ ያደገች ልጅ ናት። ግን ያችን «እናያለን» እንደ እንቁላል በሁለት እጇ ይዛ ወጣች፤ ሚስ ኦርፌ ቤት ስትደርስ «ይጠሩዎታል» ሆና ነበር።

ሚስ ኦርፌ የሚኖሩት ሽቅብ ተወጥቶ አስፋልቱ የሚያልቅበት ቦታ ነው። ከመጋቢት ጀምሮ ሰባት ልጆች ከሰዓት በኋላ እየመጡ በምግብ ጠረጴዛቸው ዙሪያ ተቀምጠው ያነባሉ፤ የሚተዳደሩት ከዚያ በሚያገኙት ነው። አጭር፣ ቀጭን፣ ፀጉራቸውን ወደ ኋላ አጥብቀው የሚያሲዙ ሴት ናቸው። ሲቆጡ ድምፃቸው ይቀንሳል፤ ተማሪ የነበረ ሁሉ ያውቀዋል፣ ሚስ ኦርፌ ሲያንሾካሽኩ ጠረጴዛ ሥር መግባት ነው። ዙሌማን እሑድ ጠዋት አዶቦ የሚሉትን የአሳማ ወጥ ሠርተው ጠበቋት።

«ብዪ፣ ዳቦውን መረቁ ውስጥ ንከሪው። ባዶ ሆድ ወሬ አይይዝም።»

«ሚስ፣ ዘዴዎትን ልጽፈው ነው። ሁሉንም ይንገሩኝ።»

«ዘዴ! ምን ዘዴ አለኝ እኔ? ሰው ቤት መሄድ ነው ሥራዬ» ብለው ሳቁ።

እውነታቸውን ነበር። መጋቢት ላይ ትምህርት በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሚስ ኦርፌ የእያንዳንዱን ልጅ ቤት ያንኳኳሉ። ይቀመጣሉ፤ የቀረበላቸውን ሻይ ይጠጣሉ፤ ቤቱ የሚያወራውን ይሰማሉ። የውሻውን ስም፣ አባትየው የሚነዳውን የኮምቢ መስመር፣ እናትየዋ የምትሸጠውን፣ ልጁ የሚፈራውን። ከዚያ የጫማ ካርቶን ቆርጠው እነዚያን ቃላት ይጽፉበታል። ልጁ ፊደል የሚለየው በገዛ ቤቱ ቃላት ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ፖስታ፤ በሠላሳ አንድ ዓመት ሁለት ልጅ በአንድ ዓይነት ቃል አስጀምረው አያውቁም።

ከአልጋቸው ሥር ሣጥን ጎትተው አወጡና ፖስታዎቹን አገላብጠው አንዱን ሰጧት። በላዩ «ዙሌማ» ይላል።

«አንቺን ‹እናት› በሚለው ማስጀመር አልተቻለም። ካርዱን ሳሳይሽ ታለቅሽ ነበር፤ እናትሽ የሄደችበት ዓመት አይደል? አክስትሽ ጋ ስመጣ ገበያ ሮኮቶ ቃሪያ ትሸጣለች። ‹ሮኮቶ› ብዬ ጻፍኩልሽ። በሁለት ቀን አነበብሽው! ከዚያ ‹ሚዛን›፤ ከዚያ ‹ጆንያ›። ‹እናት› የሚለውን በኅዳር ወር ራስሽ መጥተሽ ይጻፉልኝ አልሽኝ።»

ዙሌማ ካርዶቹን ጭኗ ላይ ዘርግታ አለቀሰች። ስልኳ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ እያለቀሰችም ሁሉንም ይቀዳላት ነበር።

«ታዲያ ጉመርሲንዶ በአፉ ተናገረ?» አሉ ሚስ ኦርፌ ሳህኗን እያነሱ። «‹ኦርፌን ጥሪልኝ› አለ?»

«አዎ ሚስ።»

«በአፉ?»

«በአፉ።»

አጥብቆ ጠያቂ የእናቱን ሞት ይረዳል ይባላል። ሚስ ኦርፌ ከዚያ በላይ አጥብቀው አልጠየቁም፤ ፊታቸው በራ፤ «የክፍሌን ግድግዳ ቀለም አስቀቡት ወይስ እንደነበረ ነው?» አሉ። ዙሌማ ከዚያ በኋላ ሁለት እሑድ ተመላለሰች፤ ሁለቱንም እሑድ አዶቦ በላች፤ ሁለቱንም እሑድ ዋሸች።

ጽሑፉን ለመጻፍ ሦስት ቀን በቃት። አዋቂው ረጅም ወሬ አይወድም፤ ጥያቄና መልስ፣ ማን፣ የት፣ ከመቼ ጀምሮ፣ በስንት ደረጃ ነው የሚፈልገው። ሰው ቤት ሄዶ ሻይ መጠጣት «ከቤተሰብ ጋር የጠበቀ ትስስር» ሆነ። የጫማው ካርቶን «ለእያንዳንዱ ተማሪ የተዘጋጀ ቁሳቁስ» ሆነ። ዘዴ የለኝም ያሉት ሴት ባለ ሰባት ደረጃ ዘዴ ወጣላቸው። «ሳን ኤሎይ ማንበብ የሚያስተምረው ማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ ዙሌማ የሚስ ኦርፌን ስም፣ ዘመናቸውንና ፎቷቸውን አስቀመጠች፤ ከሥሩም «መምህርቷ ባለፈው ታኅሣሥ ትምህርት ቤቱን ለቀዋል» ብላ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፈች። ጽሑፉ በትምህርት ቤቱ ድረ ገጽ ላይ በወጣ በመጀመሪያው ሰኞ ከሃያው ጥያቄ ሦስት ላይ ብቻ ነው ስማቸው የተጠራው። ያችን ዓረፍተ ነገር አወጣቻት። ለጊዜው ነው አለች ለራሷ፤ ሲመለሱ እኮ እውነት ይሆናል። በሚቀጥለው ሰኞ ዐሥራ አራት ላይ ተጠራ።

ከዚያማ የሳን ኤሎይ ስልክ ማረፊያ አጣ። ዶን ጉመርሲንዶ ዙሌማን «ልጄ» ማለት ጀመረ፤ ኔቫዳውም ለጊዜው ለቀቀው። በጥቅምት አጋማሽ ሃያ ሁለት ልጅ ተመዘገበ። የሚመጣው ወላጅ ሁሉ አንድ ነገር ነበር የሚጠይቀው፣ «የሚስ ኦርፌ ክፍል ነው አይደል?» ጸሐፊዋም «አንደኛ ክፍል ነው» እያለች ትመልሳለች። ይህንንም ያስጠናቻት ዙሌማ ናት።

ወሬው ሽቅብ ወጥቶ አስፋልት ያለቀበት ቤት ደረሰ። የሰባቱ ልጆች እናቶች ስልካቸውን ሲጠይቁ ሚስ ኦርፌ ሳን ኤሎይ ናቸው አላቸው። አንዷ እየሮጠች መጣች። «ሚስ! ተመለሱ አሉ፣ ሳይነግሩን! ታዲያ እዚያው እናስመዝግባታ፣ ለምን ሁለት ቦታ ትደክማለች?» አለች። ሚስ ኦርፌ ሳቁና «አስመዝግቢያት፣ እዚያው ነው የምጠብቃት» አሏት። ሌላዋ መጣች፤ ሌላዋም። በወሩ መጨረሻ ሚስ ኦርፌ ወንበሮቹን ከጠረጴዛው ዙሪያ አንስተው አንዱን ባንዱ ላይ ደረደሩና ለዙሌማ ደወሉላት።

«ቤቱን ዘጋሁት። እንግዲህ መጋቢት ላይ ሁለት ቦታ መሆን አልችልም፤ ጉልበቴንም ልቆጥበው። ደስ ብሎኛል ልጄ። አንቺ ባትኖሪ ማን ያስታውሰኝ ነበር?»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው። ልዩነቱ ሚስ ኦርፌ ወደ ቆጡ በራሳቸው አልተንጠራሩም፤ ሰው ነው ያንጠራራቸው። ዙሌማ ስልኩን እንደዘጋች ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። በቀጥታ ዶን ጉመርሲንዶ ቢሮ ገባች፤ በሕይወቷ እንደዚያን ቀን ተቆጥታ አታውቅም።

«ውላቸውን ዛሬ ያዘጋጁላቸው። ቤታቸውን ዘግተዋል እኮ!»

«የማንን ውል?»

«የሚስ ኦርፌን!»

«ካረን የሁለት ዓመት ውል ፈርማለች፤ ሁለት መምህር ለአንድ ክፍል አልቀጥርም። እኔ ቤትሽን ዝጊ ብያታለሁ? ብያታለሁ ወይ?» አላት ረጋ ብሎ። «ተቀመጪ፣ ውኃ ጠጪ። የፊታችን ቅዳሜ ሳምንት ወላጆች ግቢውን የሚያዩበት የክፍት በር ቀናችን ነው። የአጎቴ ልጅም ይመጣል፤ የስድስቱን ትምህርት ቤቶች የውል ወረቀት ይዞልሽ ነው የሚመጣው። ኦርፌን አምጪያት። መመዝገቢያው ጠረጴዛ ጋ ትቀመጥ፣ ወላጆች ያዩአት፣ ሳንድዊች ትብላ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ክፍሉ ሞላ።»

መናገር የነበረባት እዚህ ላይ ነው። አፏ ተከፍቶ ነበር። ሦስቱ ስንብቶች ታወሷት፤ የስድስቱ ወረቀት ታወሳት፤ አፏን ዘጋችው። ወደ ቤቷ ስትሄድ አንድ ሰበብ አበጀች። እናቶቹ ሚስ ኦርፌን ከበው ሲያይ ዶን ጉመርሲንዶ ያፍራል፣ ያን ቀን እንቢ ማለት አይችልም አለች። ዶን ጉመርሲንዶ የሚያፍር ሰው ቢሆን ኖሮ ሚስ ኦርፌ መጀመሪያውኑ ባልተባረሩ ነበር። ይህንንም ታውቀዋለች፤ ግን ሰበብ የሚፈልግ ሰው ከራሱ ጋር ብዙ አይከራከርም።

የክፍት በር ቀን ግቢው በወረቀት አበባ ተሽሞንሙኗል። ሚስ ኦርፌ ሰማያዊ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ፀጉራቸውን አሠርተው መጡ። ዶን ጉመርሲንዶ ሁለት እጁን ዘርግቶ አቀፋቸው። «ኦርፌሊንዳ! የዚህ ቤት ምሰሶ!» አለ፣ ሁሉም እንዲሰማ። መመዝገቢያው ጠረጴዛ ጋ ወንበር ስቦ አስቀመጣቸው፤ ዙሌማ ከጎናቸው ቅጽ እየሰጠች ተቀመጠች።

እናቶቹ እየተከታተሉ መጡ፤ አንዳንዷም ራሷ የሚስ ኦርፌ ተማሪ የነበረች ናት። ሚስ ኦርፌ እያንዳንዷን ይጠይቋታል። ልጅሽ ማን ይባላል? የት ሰፈር ናችሁ? ውሻ አላችሁ? ምን ብላችሁ ነው የምትጠሩት? ትንሽ ደብተር ይዘው መጥተው መልሱን እየጻፉ ነበር። ዙሌማ ደብተሩን አየችው፤ ለመጋቢት የሚያንኳኳቸውን ቤቶች ነበር የሚመዘግቡት። እኩለ ቀን ላይ ዐሥራ ዘጠኝ ቤት ጽፈዋል።

ያኔ ሚስ ካረን ሳንድዊች በሳህን ይዛ መጣች። ክፉ ልጅ አይደለችም፤ የነገራትም ሰው አልነበረም።

«ሚስ ኦርፌ፣ በመምጣትዎ በጣም ደስ ብሎኛል። አንደኛ ክፍል ስይዝ እንዴት እንደፈራሁ ቢያውቁ! መጋቢት ላይ አንድ ቀን መጥተው ካርዶቹን ቢያሳዩኝ... ለአንድ ሰዓት እንኳን።»

ሚስ ኦርፌ ሳህኑን ተቀበሉ። «አንደኛ ክፍልን አንቺ ነሽ የምትይዢው?»

«አዎ ሚስ፣ ሁለት ዓመት ፈረምኩ እኮ» አለች ልጅቷ፤ ከዚያ የሁለቱን ፊት አይታ የሆነ ነገር እንዳበላሸች ገባትና ሹልክ ብላ ሄደች።

ሚስ ኦርፌ ሳንድዊቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ወደ ዙሌማ ዞሩ። ድምፃቸው ከመቅጠኑ የተነሳ ዙሌማ ወደ እሳቸው ማዘንበል ነበረባት።

«በአፉ ነው ያልሽኝ።»

«ሚስ፣ እባክዎ፣ ዛሬ ይለፍና እናወራለን...»

«በአፉ ወይ ብዬሻለሁ። ሁለት ጊዜ ጠይቄሻለሁ።»

ዙሌማ የቅጾቹን ጠርዝ ታስተካክል ጀመር። አፈረች፤ ጆሮዋ ድረስ ጋላት፤ ስምንት ዓመት ሆኗት ሰሌዳ ፊት የቆመች መሰላት። ግን ወረፋው አልቆመም። ቀጣይዋ ሴት ሕፃን ልጇን በእጇ ይዛ ጠረጴዛው ጋ ደርሳለች። ሦስት ኮምቢ ቀያይራ ከሪዮ ሴኮ ነው የመጣችው፤ ስሟ ኤዲት ነው፤ ሚስ ኦርፌን ስታይ ዓይኗ እንባ ሞላ።

«ሚስ! ፎቶዎትን አይቼ ነው የመጣሁት። ይቺ ልጅ ፊደል አልገባት ብሎ፣ መምህሯ ‹ደካማ ናት› አለችኝ። የት ልፈርም?»

ሚስ ኦርፌ ልጅቷን አዩአት። እጃቸውን ዘርግተው ቅጹን በመዳፋቸው ሸፈኑት።

«አትፈርሚ ማሚታ። እኔ እዚህ አላስተምርም።»

ሴትዮዋ ሳቀች። «እንዴት አያስተምሩም?»

«ከታኅሣሥ ጀምሮ አላስተምርም። አሰናብተውኛል። ልጅሽን ወደ ሌላ ቦታ ውሰጃት።»

«ኧረ ሚስ፣ ስልኩ ላይ አለ እኮ!» ብላ ኤዲት ስልኳን አወጣች፤ ወደ አፏ አስጠግታ «ሚስ ኦርፌሊንዳ ኪካኞ ሳን ኤሎይ ያስተምራሉ?» አለችው። ስልኩ ደስ በሚል በሴት ድምፅ መለሰላት። «አዎ። ሚስ ኦርፌሊንዳ ኪካኞ በሳን ኤሎይ ትምህርት ቤት የአንደኛ ክፍል መምህርት ናቸው። በዚያ ከሠላሳ ዓመት በላይ ያገለገሉ ሲሆን፣ ባለ ሰባት ደረጃ በሆነው የሳን ኤሎይ የንባብ ዘዴ ይታወቃሉ።»

«አላልኩም?» አለች ኤዲት፣ ቀልዱ እንደገባት ሰው እየሳቀች። «ሰው በራሱ እንዲህ ይቀልዳል?»

«እኔ ራሴ ነኝ እኮ የምነግርሽ!» አሉ ሚስ ኦርፌ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸው ከፍ አለ። ሴትዮዋ ስልኳን አየች፤ ሚስ ኦርፌን አየች፤ ደግማ ስልኳን አየች። ሦስት ኮምቢ ቀያይራ የመጣች እናት የቱን ማመን እንደሚቀላት ፊቷ ላይ ይነበብ ነበር።

ሚስ ኦርፌ ከቅጹ ላይ እጃቸውን ሳያነሱ ወደ ጎን ዞሩ። «ዙሌማ፣ የጻፍሽው አንቺ ነሽ። ንገሪያት።»

ዶን ጉመርሲንዶ ከአጎቱ ልጅ ጋር ሦስት እርምጃ ርቆ ቆሟል። ወሬውን አቋርጦ ወደ ጠረጴዛው እያየ ነው። የአጎቱ ልጅ ክንድ ሥር ወረቀት የያዘ ቦርሳ አለ። ዙሌማ አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚጠበቅባት፤ «እውነት ነው» ማለት። ቃሏ አፏ ድረስ ደርሳ ነበር።

«ሚስ ኦርፌ ቀልድ ይወዳሉ» አለች።

ሚስ ኦርፌ እጃቸውን ከቅጹ ላይ አነሱ። አላለቀሱም፤ አልተሳደቡም። ደብተራቸውን ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ፤ ኮታቸውን ቆለፉ፤ የትንሿን ልጅ አናት ዳበስ አድርገው በወረቀት አበባው መሀል ግቢውን አቋርጠው መሄድ ጀመሩ።

ኤዲት እስክሪብቶው በእጇ እንዳለ ዞራ ተመለከተቻቸው። «ወዴት ነው የሚሄዱት?»

ዶን ጉመርሲንዶ መልስ ሊሰጥ አፉን ከፈተ። ዙሌማ ቀደመችው።

«ክፍላቸውን ሊያዘጋጁ ነው» አለች።

ሴትዮዋም ፈረመች።